የመሬት አልባው ርስት፦ ሸማኔው፣ ፈታይዋና የባሌ ደጋ ጋቢ

በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ ከሮቤ ተነስታችሁ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎባ ብትጓዙ በመንገዱ ዳርና ዳር መጀመሪያ የሚታያችሁ ሰው ሳይሆን ጋቢ ነው። ሰውየው ከውስጥ ነው፤ ከዓይኑ በስተቀር የሚታይ ነገር የለውም። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ያለው የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ በባሌ ደጋ ጋቢ ጌጥ አይደለም፤ ጎጆ ነው ማለት ይቀላል።

ነገር ግን ጥጥ የቆላ ልጅ ነው። ውርጭ አይችልም፤ በጎባ ማሳ ላይ አይበቅልም። ታዲያ ያ አራት እጥፍ ሆኖ የተሠራ ጋቢ ከየት መጣ? ማን ዳመጠው? ማን ፈተለው? ማንስ ሸመነው? የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ጋቢና ካባ የለበሱትን ሰዎች ስም በዝርዝር ይነግሩናል። ያለበሷቸውን ሰዎች ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አያነሷቸውም። በዛሬው ጽሑፋችን ስለነዚህ ያለበሱ ሰዎች ጥቂት እናወጋችኋለን።

እ.ኤ.አ. በ1377 ሙቀዲማውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኸልዱን ስለ ሽመናና ስለ ልብስ ስፌት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። የምዕራፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የሰው ልጅ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በጣም ሞቃት ካልሆነ አገር በስተቀር ያለነዚህ ሁለት ሙያዎች ኑሮ የለም። የሙያዎቹን ጥንታዊነት ሲገልጽም ሰዎች እስከ ነብዩ ኢድሪስ (ዐ.ሰ.) ድረስ ወደ ኋላ ይወስዷቸዋል ይላል። ኢብን ኸልዱን ባሌን አላያትም። ቢያያት ኖሮ ለምዕራፉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ባላገኘ ነበር።

ባሌን ባያያትም ስለ ባሌ የጻፈ ሌላ ሰው ግን ነበር። የማምሉኮች ጸሐፊ የነበረው አል-ዑመሪ እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ስለ ሰባቱ የኢትዮጵያ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ ባሌን አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ርዝመቷ የ20 ቀን፣ ስፋቷ የ6 ቀን መንገድ እንደሆነ፣ ከሌሎቹም ይልቅ አየሯ የተስማማና ለም እንደሆነች ይገልጻል። መረጃውን ያገኘው ወደ ካይሮ ከመጣው ከፈቂህ ዐብደላህ አል-ዘይለዒ ነው። በጎረቤቷ በደዋሮ መርፌ የመሰለ ቁራጭ ብረት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በባሌ ግን ግብይቱ ዕቃን በዕቃ መለወጥ ነበር፤ ከሚለዋወጡትም ውስጥ ከከብትና ከበግ ጋር ልብስ ይገኝበታል። እንግዲህ ከ600 ዓመት በፊት በዚህ አገር አንድ ሸማ በበግና በላም ፊት ራሱን ችሎ የሚቆም ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

ዘግየት ባለው ዘመን ደግሞ ከሐረር ተነስቶ በድሬ ሼኽ ሑሴን አድርጎ ወደ ጊኒር፣ ከዚያም ወደ ሶማሌ ጠረፍ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ነበር። የሐረሩ አሚር ዐብዱሽሹኩር (እ.ኤ.አ. 1783–1794) በድሬ ሼኽ ሑሴን ያለውን መቃም እንዳሠሩ ይታወቃል። ዚያራውም ንግዱም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነበርና የሐረር ሰውና የሐረር ዕቃ ለባሌ እንግዳ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው በርተን ከተማዋን በብዙ ነገር ያማት ሰው ነው። ሸማዋን ሲያይ ግን ምላሱ ይለዝባል፤ በእጅ የተፈተለውና የተሸመነው የሐረር ልብስ በውበትም በጥንካሬም የአውሮፓን የፋብሪካ ጨርቅ እንደሚያስንቅ መስክሯል። አውሮፓዊ በዚያ ዘመን ይህን መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ የሸዋ ጦር መጣ። አርሲ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተሸነፈ በኋላ የባሌ ደጋም ተከተለ፤ ጎባም የጦር ሰፈር ሆነች። ከሰሜን የመጣው ሹምና ወታደር ይዞት የመጣው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የአለባበስ ልማዱንም ጭምር እንጂ። ነጭ ሸማ፣ ለመኳንንቱም ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ፣ የማዕረግ ምልክት ነበር። አርሲው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሰው ከከብቱ ያገኘውን ቆዳ ነበር። በጎባ ገበያ አንዱን ከሌላው የሚለየው እንግዲህ አንድም መሬቱ፣ አንድም ልብሱ ሆነ።

ይህን የማዕረግ ልብስ በሰሜን የሚሠራው ማን ነበር? ይህን ለማወቅ ልማዱ ወደመጣበት፣ ወደ ጎንደር ዘመን መመለስ ግድ ይለናል።

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ውሳኔው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1678፣ እንደገና ታወጀ። በዚህ መሠረት ከከተማው በታች የሙስሊሞች ሰፈር ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ እስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ማለት ነው። ሰፈር መለየቱ ባልከፋ ነበር። የከፋው በአብዛኛው ሰሜን ሙስሊሙ የመሬት ርስት የማይፈቀድለት መሆኑ ነው። በእርሻ አገር መሬት የተከለከለ ሰው ምን ይበላል? ሁለት በር ብቻ ተከፍቶለት ነበር፤ አንዱ ንግድ፣ ሌላው የእጅ ሥራ። ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ ወጣ። መነገጃ ያጣው ደግሞ ከቤቱ ጥግ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ከፊቱ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውር ጀመር። ያቺ የአንድ ክንድ ጉድጓድ የርስቱ ምትክ ሆነች። ልጁም የወረሳት እርሷን ነው። በመጀመሪያ ለአባቱ ማግ እያጠነጠነ፣ ቆይቶም ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ ሙያውን ይማራል።

ሸማኔነት የሙስሊሙ ብቻ ነበር ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። በዚያው በጎንደር ዙሪያ መሬት የተነፈጉት ቤተ እስራኤሎችም ሸማኔዎች ነበሩ። በደቡብ ጋሞዎች፣ በተለይም ዶርዜዎች፣ ለዚህ ሙያ ስማቸው የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባን ሽሮ ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። ኮንሶዎችም አሉ። በይፋትና በአካባቢው አርጎባዎች ከሲራራ ንግዱ ጎን ሽመናን ይዘው ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ብሩስ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ያየውን የሙስሊሞች ከተማ ሲገልጽ ነዋሪዎቹ ትጉህ ሠራተኞች እንደሆኑና የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳንና የዘመቻ ጓዝ የሚጠብቁ እነርሱ እንደነበሩ ይናገራል። እስቲ አስቡት፤ ከከተማው ወጥተህ ኑር የተባለው ሰው የንጉሡ ድንኳን ባለአደራ ነው!

በፌዝ ወይም በደማስቆ የሙያ ማኅበር ሲባል ሼኽ ወይም አሚን የተሾመለት፣ የራሱ ገበያ ያለው አካል ነበር። በእኛ አገር ግን ማኅበሩ ሰፈሩ ራሱ ነው። አንዱ ሲታመም ድሩ ተወጥሮ እንዳይቀር ጎረቤቱ ገብቶ ይጨርስለታል። ሲሞት በቀብሩ የሚቆሙት፣ ለቤተሰቡ ሰደቃ የሚያወጡት፣ ዱዓ የሚያደርጉት እነዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ሴቶቹ እንምጣ፤ የነገሩ ግማሽ እነርሱ ዘንድ ነውና። ጥጡን ከገበያ ገዝታ በድንጋይና በብረት ዘንግ ፍሬውን የምታወጣ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ የምታደርግ፣ አመልማሎ ጠቅልላ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ነች። ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔው ይዛ ትሄዳለች፤ ሸማኔው የእጁን ዋጋ በገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላል። ፈትሉ የሷ፣ ድካሙ የሱ። ክሩን ቆጥራ አትሰጠውም፤ ቆጥሮም አይቀበላትም። በመካከላቸው ያለው አማና ብቻ ነው። የጥልን ሐሜት የሚያውቅ ሰው «ማጌን አስቀረብኝ» የሚለው ወቀሳ ምን ያህል ሸማኔውን እንደሚያስፈራው ይገነዘባል። በሱረቱ-ነሕል ቃል ኪዳናቸውን የሚያፈርሱ ሰዎች ጠንካራ አድርጋ የፈተለችውን መልሳ በምትበታትን ሴት መመሰላቸው፣ እንዝርት በያዘች እናት ዘንድ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ምሳሌ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ አስገራሚ ነገር ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። መፍተል በአገራችን የሚያስከብር ሥራ ነበር። የባላባት ሚስትም፣ የወይዘሮም ልጅ ሳትቀር ትፈትላለች፤ ፈትሏ የቀጠነ ሴት «ባለሙያ» ተብላ ትወደሳለች። ያው ፈትል ግን ከእመቤቲቱ እጅ ወጥቶ ሸማኔው ጉድጓድ ሲደርስ ክብሩ ያበቃል። ሰውየው «ቁጢት በጣሽ» ነው፤ ከነሱ ጋር አይጋቡም፤ አንዳንዱም በቡዳ ያማዋል። ሸማው ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይከበራል፤ በበዓል ይለበሳል፤ ለሙሽራ ይሰጣል። በአንድ ክር ላይ መጀመሪያውና መጨረሻው ክብር፣ መካከሉ ውርደት!

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የታወቀ ነው። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቆጠር ያስጠነቅቃል። አዋጁ መልካም ነበር፤ ሰዳቢው ግን ሸማውን ለብሶ መሳደቡን ቀጠለ።

ሌላውን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። በፊቅህ ኪታቦች የጋብቻ አቻነት (ከፋኣ) ምዕራፍ ውስጥ ሙያ ሲነሳ ሸማኔውን ዝቅ የሚያደርጉ አባባሎች አሉ። በሂዳያ ላይ ከአቡ ዩሱፍ የተወራው ሙያ ከቁጥር የሚገባው ዝቅተኛነቱ የጎላ ሲሆን ነው ይልና ዋግምተኛውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ አልፊውን በምሳሌነት ይጠቅሳል። መምህራቸው አቡ ሐኒፋ በኩፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከርሳቸውም በዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ዘገባዎች ተላልፈዋል። ይህ የዚያ ዘመን ከተሞች ልማድ በሕግ መጽሐፍ ላይ ያሳረፈው ጥላ ነው ብለን እናምናለን። ታላቁ ኢማም አል-ገዛሊ እንኳ አባታቸው ሱፍ ፈትለው ይሸጡ እንደነበር ተጽፏል። ሆኖም በእኛው መንደሮች «የሸማኔ ልጅ ነው» ተብሎ ኒካሕ የፈረሰበት ወጣት ቢጠይቀን አዋጁን ያላከበሩት ሌሎች ብቻ ናቸው ብለን ልንመልስለት አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ ሲያስገድድ ብዙዎች ተሰደዱ። ነጋዴው ገንዘቡን፣ ሸማኔውም መወርወሪያውን ይዞ መሄድ ይችል ነበር፤ ጉድጓድ የትም ይቆፈራል። መሬት ያለው ገበሬ ግን መሬቱን በአህያ አይጭንም። ከመከራው ውስጥ የተገኘች ይህች አንዲት ጥቅም ሙያውን በብዙ ቦታ ዘርታዋለች።

የባሌ ገበሬ እጣ የዚህ ተቃራኒ ነበር። እርሱ መሬት ነበረውና ተቀማ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 በዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደው የባሌ አመፅ ዋነኛ ምክንያቶች የመሬትና የግብር በደል ነበሩ። በሰሜን መሬት የተከለከለው ሸማኔና በባሌ መሬቱን ያጣው አርሶ አደር አይተዋወቁም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ግን የመሬት ባለቤትነት ስለነበር የሁለቱም ጥያቄ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ በሕግ ፊት ያ ምዕራፍ ተዘጋ።

ሸማኔውን በዚያው ሰሞን የገጠመው ሌላ ነገር ነው። ከውጭ የገባው አቡጀዲድና የፋብሪካ ክር ከመጡ ቆይተዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ሸማኔውም ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርግና ማጉን ብቻ ከፈታይዋ ይቀበል ጀመር። በግማሹ ሥራዋን አጣች። በደርግ ጊዜ የእጅ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲደራጁ ክሩ በኮታ የሚታደል ሆነ፤ ክር ሲጠፋ ሸማኔው መወርወሪያውን ይዞ ተራ ይጠብቃል። በቅርቡ ደግሞ ጥለቱ የታተመበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ የሚመስል የውጭ ጨርቅ ገበያውን አጥለቅልቆታል።

ጋቢው ግን የባሌ ብርድ እስካለ ድረስ ይፈለጋል።

ኢማም አል-ቡኻሪ ከሰህል ኢብን ሰዕድ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ሴት በገዛ እጇ የሸመነችውን ጥለት ያለው ኩታ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛ መጣች። ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀብለዋት ለብሰውት ወጡ። አንድ ሰው አየውና «እንዴት ያምራል፣ ይስጡኝ» አላቸው፤ ሰጡት። ሰዎቹ «እንደሚያስፈልጋቸውና ለማኝ እንደማይመልሱ እያወቅህ ለምን ጠየቅህ?» ብለው ወቀሱት። ሰውየው ልለብሰው አይደለም አለ፤ ከፈኔ እንዲሆን ነው። ሰህል እንደሚሉት፣ በሞተ ጊዜ የተከፈነው በዚያችው ሴት ሸማ ነበር።