ጎይ ኩኦን

ጎይ ኩኦን በተለይ በደቡብ ቬትናም የሚዘወተር፣ ሳይጠበስ የሚበላ ጥቅል ምግብ ነው። መጠቅለያው ባን ቻንግ ይባላል፤ ቀጭን የሩዝ ሊጥ በእንፋሎት በስሎ፣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ የሚያደርቀው ስስ ቂጣ ነው።

በተለመደው አሠራር የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ፣ ቀጭን የሩዝ ኑድል፣ ሰላጣና ናና ይገባበታል። የጣዕሙ ዋልታ ቅጠሉ ነው፤ በናናና በድንብላል ቅጠል የቆጠበ ሰው ኑድል ብቻ ይቀርለታል። ደረቁ ቂጣ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ወዲያው ይወጣል። ገና ጠንከር እንዳለ ሳህን ላይ ይዘረጋል፤ እስኪሞላ ድረስ ራሱ ይለሰልሳል፣ ብዙ የተነከረ ግን ሲጠቀለል ይቀደዳል። ሽሪምፑ ለሁለት ተሰንጥቆ ቀዩ ጀርባው ቂጣውን እንዲነካ ይደረደራል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ መልኩ ከውጭ ፍንትው ብሎ ይታያል።

የቅርብ ዘመዱ ቦ ቢያ የቻይና ቋሊማ፣ ስስ የእንቁላል ጥብስ፣ ካሮትና ደረቅ ሽሪምፕ ይይዛል። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ የሚታቀቡ ቡድሂስቶች ደግሞ ቶፉና እንጉዳይ ይሞሉበታል።

ማጥቀሻው ከሁለት አንዱ ነው። ወፈር ያለው ሆይሲን ከሚባለው ጣፋጭ የአኩሪ አተር ድልህና ከለውዝ ቅቤ ተዋህዶ፣ የተፈጨ ለውዝ ይነሰነስበታል፤ ለአሳማ ሥጋው የሚስማማው ይህ ነው። ቀጭኑ ኑክ ቻም ከዓሣ ሶስ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይዘጋጃል። ለጾመኛ በዓሣ ሶሱ ምትክ ሶይ ሶስ ይገባል።