ከዋናነት ወደ ተጠባባቂነት፦ የቦይለር ናፍጣ መስመር በአሜሪካ ምሥራቃዊ ከተሞች

በኒው ዮርክና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ትላልቅ ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ፣ ውኃ አሙቆ ወይም ወደ እንፋሎት ለውጦ ሕንፃውን ከሚያሞቀው ቦይለር ጋር ሁለት የነዳጅ መስመሮች ተያይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ አንደኛው ከከተማው የጋዝ መረብ የሚመጣው ዋናው መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሕንፃው የራሱ ማጠራቀሚያ ናፍጣ የሚያደርሰው ተጠባባቂ ነው። ይህ ሁለተኛው መስመር በብዙ ሕንፃዎች ከመነሻው ለተጠባባቂነት የተነደፈ ሳይሆን፣ ቀድሞ ዋና የነበረና በኋላ ከማዕረጉ የወረደ ነው፤ የንድፉ ችግሮችም በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ሹም ሽር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች በአትላንቲክ ዳርቻ የሚጓዙትን የነዳጅ ጫኝ መርከቦች በማስጠማቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት ከቴክሳስ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ የሚደርሱ፣ ቢግ ኢንችና ሊትል ቢግ ኢንች የተባሉ ሁለት የቧንቧ መስመሮችን ዘረጋ፤ የመጀመሪያው የ24 ኢንች፣ ሁለተኛው የ20 ኢንች ስፋት ነበራቸው። እነዚህ መስመሮች በ1947 እ.ኤ.አ. ለቴክሳስ ኢስተርን ኩባንያ ተሸጠው ለተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያነት ዋሉ፤ ለምሥራቁ ነዳጅ ዘይት እንዲያደርስ የተሠራው ቧንቧ የናፍጣን ተቀናቃኝ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጋዙ በክረምት ለሁሉም አይዳረስም ነበር። ብርድ ሲበረታ የመኖሪያ ቤቶች ፍጆታ በአንድ ጊዜ ስለሚያሻቅብ፣ የጋዝ ኩባንያዎች ለትላልቅ ደንበኞች ሊቋረጥ የሚችል አቅርቦት የሚባል ውል አቀረቡ፤ ደንበኛው በቅናሽ ዋጋ ይገዛል፣ በምላሹም ኩባንያው ሲያዘው ጋዝ መጠቀሙን አቁሞ ወደ ናፍጣ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ነዳጅ የሚያነድ በርነር ተስፋፋ፣ አሮጌው የናፍጣ ማጠራቀሚያም ባለበት ቀረ። ውሉ በስፋት የተፈተነው በ1976 እና 1977 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው እጅግ ብርቱ ክረምት ነው፤ የጋዝ ዋጋ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ በመንግሥት ተገድቦ በመቆየቱ ምርቱ ከፍላጎቱ ጋር ስላልተመጣጠነ፣ ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም ጥር 25 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1977) የአስቸኳይ ጊዜ የጋዝ ሕግ ፈረሙ።

የተጠባባቂው መስመር ዋና ፈተና እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ጋዝ የሚቋረጠው ብርዱ በጸናበት ቀን ሲሆን፣ ያ ቀን ናፍጣም ለመፍሰስ የሚቸገርበት ቀን ነው። በነጭ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም በብርድ እየረጋ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ደግሞ ለመሳብ እንኳ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በበርነሩ ለመረጨት ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይሻል። ዘወትር የሚሠራ መስመር በራሱ ዝውውር ይሞቃል፣ ይጸዳል፤ ሥራ የፈታ መስመር ግን ውኃ ያቋጥራል፣ በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ዝቃጩም ፓምፑ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ወደ ማጣሪያው ይጎርፋል።

ንድፍ አውጪዎች በመጀመሪያ የነበራቸው ምርጫ ባለ አንድ ቧንቧ ወይም ባለ ሁለት ቧንቧ አሠራር ነበር። በመጀመሪያው በርነሩ የሚያቃጥለው ብቻ ይሳባል፤ በሁለተኛው ፓምፑ በሙሉ አቅሙ ስቦ ትርፉን በመመለሻ ቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያው ይሰዳል። ሁለተኛው በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር ራሱ ስለሚያስወጣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ለሚነሣ መስመር ይመቻል፤ ነገር ግን የመሳቢያው ቧንቧ ስፋት መሰላት ያለበት በበርነሩ ፍጆታ ሳይሆን በፓምፑ አቅም ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው። ቧንቧው ከጠበበ ወይም ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ከአራት ሜትር ያህል በላይ ዝቅ ካለ፣ በመሳብ ብዛት በናፍጣው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ይለያል፣ ፓምፑ አረፋ ይስባል፣ እሳቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሕንፃዎቹ ከፍ ሲሉና ማጠራቀሚያው ሲርቅ፣ ሁለት ፓምፖች እየተተካኩ ናፍጣውን በቦይለሮቹ አጠገብ አዙረው ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሱበት የቀለበት መስመር ተመራጭ ሆነ፤ በመመለሻው ላይም ሰው በስሕተት የሚዘጋው ቫልቭ አይደረግበትም፤ ቢዘጋ የፓምፑ ማሸጊያ ይፈነዳልና።

ከመሬት በታች ያለ መመለሻ ቧንቧ ቢያፈስ እሳቱ ሳይጠፋ አፈሩ ናፍጣ ሊጠጣ ይችላል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የከርሰ ምድር ማጠራቀሚያ ሕግ በቦታው የሚነድ የማሞቂያ ናፍጣን ያላካተተ ሲሆን፣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ግን ከ1,100 ጋሎን በላይ የሚይዙ ተቋማትን አካቷል። ባለ ሁለት ግድግዳ ቧንቧና በግድግዳዎቹ መካከል ፍሳሽ የሚያመለክት መሣሪያ የዘመኑ ንድፍ አካል የሆኑት እንዲህ ባለው ግፊት ነው።

በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. የሳንዲ ማዕበል በመታበት ጊዜ፣ በኒው ዮርክ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች በ13ኛው ፎቅ ላይ ደኅና ሳሉ፣ የነዳጅ ፓምፖቹ ምድር ቤት ውስጥ በውኃ በመዋጣቸው ሠራተኞች ነዳጁን በእጅ ተሸክመው በደረጃ አወጡ። ጉዳዩ የጄኔሬተር እንጂ የቦይለር ባይሆንም፣ ተጠባባቂ መስመር ከደካማው ክፍሉ በላይ እንደማይታመን የሚያሳይ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የኒው ዮርክ ከተማ ከባዱን ጥቁር ናፍጣ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከማሞቂያ አገልግሎት አስወጥታለች፤ ድብልቁንም፣ ማለትም ቁጥር 4 የሚባለውን፣ በ2027 እ.ኤ.አ. እንዲያበቃ ወስናለች። በሚተካቸው ነጭ ናፍጣ ውስጥ መግባት ያለበት የባዮዲዝል መጠን በ2017 እ.ኤ.አ. በ5 በመቶ የተጀመረ ሲሆን፣ ደረጃ በደረጃ እያደገ በ2034 እ.ኤ.አ. 20 በመቶ ይደርሳል፤ ባዮዲዝል በብርድ ቶሎ የሚረጋ በመሆኑም ከሕንፃው ውጭ የሚያልፈውን ቧንቧ የማሞቅና የመሸፈን ሥራ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።