የኖርዘርን ቴሪቶሪ የሕፃናት ጥበቃና እስር አጣሪ ኮሚሽን

የኖርዘርን ቴሪቶሪ የሕፃናት ጥበቃና እስር አጣሪ ኮሚሽን በሰሜን አውስትራሊያ በሚገኘው በኖርዘርን ቴሪቶሪ የታሰሩ ታዳጊዎችን አያያዝ እንዲመረምር በ2016 የተቋቋመ ንጉሣዊ ኮሚሽን ነው (በመጣጥፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2017 ከ200 በላይ ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። የቴሪቶሪው መንግሥት ምክረ ሐሳቦቹን ከተቀበለ በኋላ ዋና ዋናዎቹ በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተቀልብሰዋል።

መነሻ

ጁላይ 25 ቀን 2016 የአውስትራሊያው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ‹‹ፎር ኮርነርስ›› ፕሮግራም በቴሪቶሪው ማቆያዎች ውስጥ የተቀረጹ ምስሎችን አሳየ። በምስሎቹ ላይ በዳርዊን ከተማ በሚገኘው ዶን ዴል ማቆያ በታዳጊዎች ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲረጭ፣ ሌላ ታዳጊም ፊቱ በጭንብል ተሸፍኖ ከወንበር ጋር ታስሮ ይታያል። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታወቁ። ሥራውን የመሩት የቀድሞዋ ዳኛ ማርጋሬት ኋይትና የአገሬው ተወላጆች የማኅበራዊ ፍትሕ ኮሚሽነር የነበሩት ሚክ ጉዳ ናቸው። የአገሬው ተወላጆች የሆኑት አቦሪጂናሎች ከቴሪቶሪው ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከታሳሪ ታዳጊዎች መካከል ግን እጅግ የሚበዙት የእነርሱ ልጆች ናቸው።

ምክረ ሐሳቦቹ

ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት ዶን ዴል እንዲዘጋ፣ በወንጀል የመጠየቂያ ዝቅተኛው ዕድሜ ከ10 ወደ 12 ከፍ እንዲል፣ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ከባድ ወንጀል ካልፈጸሙ በቀር እንዳይታሰሩ ጠየቀ። እስር የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ ቤተሰብን የሚደግፉ አገልግሎቶችም እንዲስፋፉ አሳሰበ።

የመንግሥት ምላሽ

በማይክል ጋነር የሚመራው የሌበር ፓርቲ አስተዳደር በ2018 ምክረ ሐሳቦቹን በሙሉ በሐሳብ ወይም በመርህ ደረጃ መቀበሉን ገልጾ፣ ለአምስት ዓመት 229.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበ። የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ አብዛኞቹ ምክረ ሐሳቦች የቴሪቶሪው ኃላፊነት ናቸው አለ። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራሉ ፓርላማ ስለ ቴሪቶሪዎች ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው።

አፈጻጸሙ ከቃሉ ጋር አልተጣጣመም። በ2021 ያው የሌበር አስተዳደር ለታዳጊዎች የዋስትና መብትን የሚያጠብ ሕግ አወጣ፤ ይህም ኮሚሽኑ ከመከረው ጋር የሚቃረን ነው። ዶን ዴልም እስከ 2024 ድረስ ታዳጊዎች ይታሰሩበት ነበር። ከምክረ ሐሳቦቹ ሁሉ ጎልቶ የተፈጸመው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ኦገስት 1 ቀን 2023 ዝቅተኛው ዕድሜ 12 ሆነ፣ ቴሪቶሪውም በአውስትራሊያ ዕድሜውን ከ10 በላይ ያደረገ የመጀመሪያው አስተዳደር ሆነ።

መቀልበስ

በኦገስት 2024 ምርጫ ያሸነፈው ካንትሪ ሊበራል ፓርቲ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዕድሜውን ወደ 10 መለሰው። የቴሪቶሪው ዋና ሚኒስትር ሊያ ፊኖኪያሮ እርምጃው ወንጀልን ለመቀነስና ልጆችን ቀደም ብሎ ወደ ማረሚያ ፕሮግራሞች ለማስገባት እንደሚረዳ ተከራከሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ግን በ2019 አገሮች ዝቅተኛውን ዕድሜ ቢያንስ 14 እንዲያደርጉ አሳስቦ ነበር። በ2025 ደግሞ እስር የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚለው መርህ ከቴሪቶሪው ሕግ ወጣ፤ በ2016ቱ ምስሎች ሕዝቡን ያስቆጣው ዓይነት የፊት ጭንብልም ዳግም ተፈቀደ።

ፋይዳው

የኮሚሽኑ ታሪክ የአጣሪ አካላትን የአቅም ወሰን ያሳያል። ኮሚሽን እውነትን ያወጣል፣ መፍትሔ ይጠቁማል፤ የማስገደድ ሥልጣን ግን የለውም። ‹‹በመርህ ደረጃ ተቀብያለሁ›› የሚል ምላሽ የተወሰነ ቀን፣ ቋሚ በጀትና ነጻ ተቆጣጣሪ አካል ካልታከለበት በአንድ ምርጫ ይሻራል፤ ዕዳውንም የሚከፍሉት ድምፅ የማይሰጡት ልጆች ናቸው። የተለየ ውሳኔ እንደሚቻል ግን ዋና ከተማዋን ካንቤራን የያዘው አስተዳደር አሳይቷል፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ፣ ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በቀር፣ ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 አድርጓል። በአንድ አገር ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ ዳርዊን ላይ በወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ ካንቤራ ላይ ግን አይከሰስም።