ቅድመ ስኳር ሕመም፦ ሜትፎርሚን ወይስ አብሽና ሺፈራው

ቅድመ ስኳር ሕመም የደም ስኳር ከጤናማው መጠን አልፎ የስኳር ሕመም ከሚባልበት ሳይደርስ የሚገኝበት ደረጃ ነው። በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መለኪያ፣ በባዶ ሆድ ሲመረመር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም።

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ውጤቱን የሰማ ሰው ከሐኪሙ ሌላ የጎረቤት ምክርም አያጣም፦ አብሽ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ውኃውን መጠጣት፣ አለዚያም የሺፈራው ቅጠል አፍልቶ እንደ ሻይ ፉት ማለት። አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው። የሺፈራው ማስረጃ ከዚያም የሳሳ ነው። በፌስታል ተቋጥሮ በሚሸጥ ዱቄት ላይ ደግሞ ስንት እንደሚወሰድ የሚነግር ጽሑፍ የለም።

ሐኪም ሊያዝ የሚችለው ሜትፎርሚን ነው፤ የሚገርመው የእሱም መነሻ ጋሌጋ የተባለ ዕፅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሜትፎርሚን ወደ ስኳር ሕመም መሸጋገርን በ31 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። አመጋገብን አስተካክሎ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ግን በ58 በመቶ ቀንሶታል፤ የኪኒንና የቅጠል ክርክር ይህን ይዘለዋል።

ሜትፎርሚን መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያውክ፣ ለዓመታት ሲወሰድም ቫይታሚን ቢ12ን ሊያጎድል ይችላል። ኩላሊቱ ክፉኛ ለተዳከመ ሰው አይታዘዝም።