ማዕረግና ስም

ድሮ ሰቆጣ ላይ «ዋግ ሹም» ሲባል የሚታወቀው ሹመቱ ነበር፤ ማዕረጉን ብዙዎች በየተራ ይዘውታልና። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ገዝተዋል። ማዕረግ ሥልጣንን ይነግረናል፤ ባለቤቱን የምንጠራው ግን በስሙ ነው።

«እግዚአብሔር» የሚለው የግዕዝ ቃልም በአመጣጡ ማዕረግ ነው፤ «የአገር ጌታ» ማለት ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ በቦታው ያለው ግን ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ በሚሉ አራት ፊደላት ከ6,800 ጊዜ በላይ የተጻፈ የተጸውዖ ስም ነው። አይሁድ ስሙን ከማክበር የተነሣ «አዶናይ» (ጌታዬ) እያሉ አነበቡት። የግሪኩ ትርጉም «ኪርዮስ» አለ፤ ብሉይን ከግሪክ የተረጎሙት አባቶቻችን ደግሞ «እግዚአብሔር» አሉ።

ታዲያ ስሙን በዕብራይስጥ ካልጠራን ጸሎታችን አይሰማ ይሆን? እንዲህ ብለው የሚጨነቁ ወጣቶች አሉ። ዘጸአት ምዕራፍ 3ን በጥንቃቄ አንብቡ። በቁጥር 14 ስሙን የሚፈታው «ኤህዬ» የሚለው ቃል አስቀድሞ በቁጥር 12 ላይ ይገኛል፤ እዚያ ጌታ ለፈራው ሙሴ አብሮት እንደሚሆን ቃል ይገባለታል። ስለዚህ ስሙ በክታብ እንደሚጻፍ አስማት በመደጋገም የሚሠራ አይደለም። ለባሪያዎች የተሰጠ የአብሮነት ኪዳን ነው።

ደግሞም ከአፋችን አልጠፋም። «ሃሌ ሉያ» ማለት «ያህን አመስግኑ» ነው፤ ኤልያስ ማለትም «አምላኬ ያህ ነው»። በዋግ ተራራ እናት ልጇን «ኤልያስ!» ብላ ስትጣራ ያ ስም አብሮ ይጠራል።

በኽምጣኛም በአማርኛም ጸልዩ፤ የገባውን ቃል ይዛችሁ ጥሩት።