ውሻ በሌሊት ስለ ማላዘኑ የተሰጡ ትርጓሜዎች

በአማርኛ የውሻ ድምፅ ሁሉ በአንድ ቃል አይጠራም። ውሻ ባዕድ ሰው ወይም አውሬ ሲያይ ይጮኻል፤ ሲቈጣ ያጉረመርማል፤ በሌሊት አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ ድምፁን እየጐተተ ሲያወጣ ግን ያላዝናል ይባላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ምሬትና ልመና ለሚያበዛ ሰው ጭምር በንቀት የሚነገር ሲሆን፣ በጆሮ ሲሰማ ሐዘን ለሚለው ቃል የቀረበ ነው። ግእዝም በበኩሉ ነብሐ የሚለውን ለውሻ ጩኸት፣ ዐውየወ የሚለውን ለዋይታና ለልቅሶ ለይቶ ያኖራል። የቋንቋው ልዩነት ከንቱ አይደለም። ተራው ጩኸት የሰሚውን ልብ አያስጨንቅም፤ ጅብ መጣ ወይም ሌባ መጣ ተብሎ በሩ ይጠበቃል እንጂ ትርጓሜ አይፈለግለትም። ማላዘኑ ግን በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል የሞት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል፤ ድምፁን የሰማው ባለቤትም ብዙ ጊዜ ከመኝታው ተነሥቶ እንስሳውን በድንጋይ ያባርረዋል። ውሻው ስለምን እንዳላዘነ ለማወቅ የሚወጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይህ እምነት የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን የጥንት ጽሑፎች ያስረዳሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የባቢሎንና የአሦር ሊቃውንት በከተማና በቤት ውስጥ የሚታዩትን ምልክቶች ሰብስበው ከመቶ በሚበልጡ የሸክላ ጽላቶች ላይ ጽፈው ነበር፤ ከእነዚህም ጽላቶች አንዳንዶቹ በሙሉ ስለ ውሻ ጠባይ የሚናገሩ ናቸው። ምልክቱ ክፉ ሆኖ ሲገኝም መከላከያ ሥርዓት ነበረው። ውሻ በሰው ቤት ውስጥ ሲያላዝንና ሲያቃስት፣ የዚያ ውሻ ምስል ከጭቃ ይሠራል፤ ሻማሽ በተባለው የፀሐይ አምላክ ፊት ጸሎት ይደረግበታል፤ ክፉው ነገር ከሰውየው ወደ ምስሉ እንዲተላለፍ ከተለመነ በኋላ ምስሉ ወደ ወንዝ ይጣላል። ከሁሉ የሚገርመው፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ክፉውን የሚሸከመው የጭቃው ምስል እንጂ ሕያው ውሻ አለመሆኑ ነው።

እንደዚህ ያሉ ጽሑፎች ከተገኙባቸው ቦታዎች ዋናው በ7ኛው ምዕት ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት የነገሠው የአሱርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ነው። የዚህን ንጉሥ ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 1853 በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ ያገኘው ሆርሙዝድ ራሳም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1864 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ምጽዋ የደረሰው፣ በ1866 ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት የቀረበው፣ በኋላም በመቅደላ ታስሮ በሚያዝያ 1868 የተፈታው እርሱ ራሱ ነው።

ግሪኮች ነገሩን የመስቀለኛ መንገድና የአስማት እመቤት ከሚሏት ከሄካቴ ጋር አያይዘውታል። በ3ኛው ምዕት ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት የነበረው ባለቅኔ ቴዎክሪጦስ በአንድ ግጥሙ ውስጥ የውሾችን ማላዘን የእርሷ መምጫ አድርጎ አቅርቦታል። ሮማዊው ቨርጂል ደግሞ ዩልዮስ ቄሣር በተገደለበት ዘመን ከታዩት ምልክቶች መካከል በሌሊት በከተሞች ውስጥ የተሰማውን የተኵላ ማላዘን ቈጥሯል።

የብሉይ ኪዳን አመለካከት ከነዚህ ይለያል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 11 የግብፅ በኵር ሁሉ በሚሞትበት ሌሊት በእስራኤል ልጆች ላይ ውሻ እንኳ ምላሱን እንደማያንቀሳቅስ ተነግሯል። በዚህ ስፍራ ምልክት የሆነው የውሻው ድምፅ ሳይሆን ዝምታው ነው። የአይሁድ መምህራን በባቢሎን ታልሙድ፣ ባባ ቃማ በተባለው ክፍል፣ ነገሩን ሰፋ አድርገውታል። ውሾች ሲያለቅሱ መልአከ ሞት ወደ ከተማ ገብቷል፤ ሲፈነጥዙ ደግሞ ነቢዩ ኤልያስ መጥቷል ማለት ነው ይላሉ። ነገር ግን ወዲያው ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አንድ ገደብ ያኖሩበታል፤ ይህ ትርጓሜ የሚጸናው ከውሾቹ መካከል ሴት ውሻ ከሌለች ብቻ ነው። ሴት ውሻ ካለች የድምፃቸው ምክንያት ግልጽ ስለሆነ መልአክን መጥራት አያስፈልግም። ብዙ ሰዎች የታልሙዱን ቃል ሲጠቅሱ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይዘው ሁለተኛውን ይተዉታል፤ ይሁን እንጂ ከጠቅላላው ምልከታ ሁሉ ብልኅነት ያለበት ይህ የመጨረሻው ገደብ ነው። የሚታየው ምክንያት ሳይመረመር ወደማይታየው መሄድ እንደማይገባ መምህራኑ አስቀድመው ዐውቀዋል።

በእስልምናም በ889 ያረፈው አቡ ዳውድ በሰበሰበው ሐዲስ ውስጥ በሌሊት የውሻ ጩኸትና የአህያ ማናፋት የሰማ ሰው በእግዚአብሔር እንዲጠበቅ ታዝዟል፤ ምክንያቱም እነዚህ እንስሳት ሰው የማያየውን ያያሉ የሚል ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ጐን ለጐን በሚኖሩበት አገር፣ ውሻ የማይታየውን ያያል የሚለው አሳብ ከሁለቱም ወገን ድጋፍ ማግኘቱ አያስደንቅም።

የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ነገሩን ከአስማት ለማውጣት የጀመሩት በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው፤ ቢሆንም እነርሱም በአንድ ጊዜ አልወጡም። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ የውሻ ጩኸት ከሰው ጋር በመኖር የዳበረ ልማድ መሆኑን ጽፎ፣ ወደ ዱር የተመለሱ ውሾች ጩኸትን እንደሚተዉ ገልጿል። ስለ ጨረቃ ግን የሰው አመጣጥን በሚመለከተው መጽሐፉ በሁለተኛው እትም፣ በ1874፣ የሁዞን አስተያየት ተቀብሎ ጠቅሷል። እንደ ሁዞ አባባል ውሾች በጨረቃ ብርሃን ሲጮኹ የሚመለከቱት ጨረቃዋን ሳይሆን በአድማስ አጠገብ ያለ አንድ ቦታን ነው፤ ደብዛዛው የነገሮች ቅርጽ አሳባቸውን እያወከ ልዩ ልዩ ምትሀት ያሳያቸዋል። ዳርዊንም ይህ እውነት ከሆነ የውሾቹ ስሜት ከአጉል እምነት የራቀ አይደለም ብሏል። እንግዲህ ለብዙ ሺሕ ዓመታት ሰው በውሻ ድምፅ አጉል እምነት ሲያድርበት ከኖረ በኋላ፣ ታላቁ ሊቅ ያንኑ እምነት ለውሻው ሰጠው ማለት ነው።

የኋለኞቹ ጥናቶች መነሻ ያደረጉት የውሻን ቅድመ ዘር ተኵላን ነው። ቴበርጅና ፎልስ በ1967 በካናዳ የተኵላን ድምፅ ሲመረምሩ መሠረታዊ ድምፁ በሴኮንድ ከ150 እስከ 780 ንዝረት መሆኑን ለክተዋል፤ እንዲህ ያለው ዝቅተኛና የተራዘመ ድምፅ በጫካ ውስጥ ሳይበተን ሩቅ ይደርሳል። ሃሪንግተንና ሜች በ1979 በሚኔሶታ ባደረጉት ጥናት ማላዘን አጎራባች መንጋዎችን ለማራራቅ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ ለያዝነው ጉዳይ የሚቀርበው በኦስትሪያ ተደርጎ በ2013 የታተመው የማዚኒና የባልንጀሮቹ ምርመራ ነው። ከመንጋው አንዱ ተኵላ ተለይቶ ሲወሰድ የቀሩት የሚያላዝኑት መጠን የሄደው ለእነርሱ ባለው ቅርበት ይወሰናል፤ ወዳጅ ሲሄድ ማላዘኑ ይበዛል፤ በምራቃቸው የተለካው የጭንቀት ቅመም ግን ይህን ልዩነት አላስረዳም። ማላዘን እንዲያው የሥቃይ ጩኸት ሳይሆን የራቀውን መጥሪያ ነው። በ2023 ደግሞ የቡዳፔስት ተመራማሪዎች ለ68 ውሾች የተቀዳ የተኵላ ድምፅ አሰምተው፣ በዘር ለተኵላ የቀረቡት ውሾች በማላዘን ሲመልሱ ከተኵላ የራቁት አብዝተው በተራ ጩኸት እንደሚመልሱ ተመልክተዋል።

ሌሊቱ ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምድር ስትቀዘቅዝ ከምድር አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚበርድ፣ ድምፅ ወደ ሰማይ በመበተን ፈንታ ወደ ምድር ይታጠፋል፤ በቀን የማይደርስ ድምፅ በሌሊት ይደርሳል። የውሻ ጆሮ ደግሞ ሰው ከሚሰማው በላይ የሆነውን ቀጭን ድምፅ ስለሚሰማ፣ ለሰው ጸጥታ የሆነው ሰዓት ለውሻ ጸጥታ አይደለም።

ይህ ሁሉ ቢታወቅም እምነቱ ስለምን ጸንቶ እንደኖረ አያስረዳም። ለዚህ መልስ የሚገኘው ከውሻው ይልቅ በሰው ልማድ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ከባድ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሌሊቱን እሳትና መብራት አይጠፋም፤ ዘመድ ይገባል ይወጣል፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራል፤ ውሻውም እንደ ልማዱ በውጭ ነው፤ ያጐረሰው የነበረው እጅ ለብዙ ቀን አልታየም። ሰውየው በሌሊት ቢሞት በብዙ ቦታ ወሬው እስኪነጋ ይሸሸጋል፤ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነውና። በዕድር በተሰበሰበ ሰፈርም የጡሩምባው ድምፅ የሚሰማው ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ነገሮቹን የሚሰማበት ቅደም ተከተል ከሆኑበት ቅደም ተከተል የተለየ ነው። ውሻው ያላዘነው ከመለየቱ በኋላ፣ ወይም በመለየቱ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ በጎረቤት ጆሮ ግን ማላዘኑ በሌሊት፣ ሞቱ በጧት ደረሰ። የኋላው ፊት ሆነ። በዚህ ላይ ውሻ የተራዘመ ድምፅ ሲሰማ በማላዘን ይመልሳልና፣ ጡሩምባው ሲነፋ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ቢቀበሉት የሰሚው እምነት ይበልጥ ይታተማል። ውሻ አላዝኖ ሰው ያልሞተበት ሌሊት ግን፣ ከሌላው እጅግ የሚበዛ ቢሆንም፣ የሚያስታውሰው የለም።

ከማላዘን ሁሉ አንዱ ብቻ ከሞት ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳ የጕሮሮው ጡንቻዎች ስለሚሰንፉ ድምፁ ይለወጣል፤ ይጐረናል፤ ጩኸት ሆኖ የጀመረው ማላዘን ሆኖ ይጨርሳል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ሰምቶ ሞት ቀርቧል ያለ የጥንት ሰው አልተሳሳተም፤ ውሻው ራሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሞታል፤ የነከሰውም ሰው ሕክምና ካላገኘ በሽታው ከታየበት በኋላ የመዳን ተስፋው የተቈረጠ ያህል ነው። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር ለተባለው ልጅ መድኃኒቱ እንዲሰጠው ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ሞት የሚከለከል ሆኗል፤ ቍስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ቢታጠብና ክትባቱ ሳይዘገይ ቢጀመር በሽታው ሥር አይሰድም። በኢትዮጵያ ግን የተነከሰ ሰው አስቀድሞ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ የሚሄድበት ጊዜ ዛሬም ብዙ ነው፤ ያላዘነውን ውሻ በድንጋይ ለማባረር ከደጁ የሚወጣውም ሰው፣ ድምፁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለይ፣ በጨለማ ወደ እንስሳው ይቀርባል። የዚሁ በሽታ ጉዳት በሰው ላይ ብቻ አልቀረም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003 እና በ2004 ከመንደር ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቍጥሩን አጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ በተራሮቹ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ውሾችን መከተብ የጥበቃው ዋና ሥራ ሆኗል።