በስቲቨንስ ምሽግ የቆሙ መድፈኞች
ፎቶግራፍ፤ ከመስተዋት ኔጋቲቭ በወረቀት ላይ የታተመ። አንሺው ዊልያም ሞሪስ ስሚዝ። ዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. 1865።

እነዚህ የማሳቹሴትስ 3ኛ ከባድ መድፈኛ ጦር ሰዎች የቆሙበት ምሽግ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ርእሰ ከተማውን ከከበቡት 68 ምሽጎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 የታነጸውም በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ተደግፎ በተከመረ አፈር ነበረ፤ ወፍራም የአፈር ካብ የመድፍን ጥይት ውጦ ያስቀራልና። ምሽጉ ሲሰፋ ነጻ ጥቁር አሜሪካዊት የነበሩት የባለርስቲቱ የወይዘሮ ኤሊዛቤት ቶማስ ቤት ፈረሰ። በፎቶግራፉ ላይ ቤታቸው አይታይም፤ መሬቱ ግን የእርሳቸው እንደ ነበረ ተመልካች ሊዘነጋው አይገባም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 እና 12 ቀን 1864 የጄኔራል ጁባል ኧርሊ የደቡብ ሠራዊት እስከዚህ በደረሰ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ራሳቸው ከካቡ ላይ ወጥተው ውጊያውን ሲመለከቱ፣ ከጠላት ወገን የተተኰሰ ጥይት በአጠገባቸው የነበረውን ሐኪም አቆሰለ፤ የኧርሊም ሠራዊት ወደ ከተማይቱ ሳይገባ ተመለሰ።

ከሰላም በኋላ መሬቱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፣ የአፈሩም ካብ ተናደ። ዛሬ በሥፍራው የሚታየው ጥቂት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ዳግመኛ የተሠራ ነው።